የአፋሩ ጥንብ አንሳና የመብራት ምሰሶው

በአማርኛችን «ጥንብ አንሳ» ስምም ነው፣ ስድብም ነው፡፡ የሌላውን ውድቀት ጠብቆ የሚጠቀም ሰው ሲያጋጥመን የምናወጣለት ስም ይኸው ነው፡፡ በዚህ ምክንያት ወፉ ራሱ ቃሉ ሳይሰማ የተፈረደበት ተከሳሽ ሆኖ ኖሯል፡፡ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ደግሞ ሳይሰማ የተፈረደበት ወገን መዝገብ ሲያገኝ ገልጦ ማየት ይቀናዋል፡፡ እኔም ዛሬ የምገልጠው መዝገብ የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለውን አሞራ የሚመለከት ነው፡፡ ይህ አሞራ በየዓመቱ ከቱርክ፣ ከአርመንያ፣ ከቡልጋሪያና ከመሳሰሉት አገሮች ተነስቶ የእኛን በጋ አፋር ላይ ያሳልፋል፡፡

ነገሩ የወፍ አፍቃሪዎች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዓምድ ባላነሳሁት ነበር፡፡ ውስጡ ሲገባ ግን የመብራት ምሰሶ ቅርፅ፣ የከብት መድኃኒት፣ የከተማ ቄራ፣ የእብድ ውሻ በሽታና በመጨረሻም ሕግ አለበት፡፡ ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ ወፉ ያለንን እውቀት፣ ቀጥሎም ይህን እውቀት ካስገኙልን ተመራማሪዎች የአንዱን ሥራ፣ በመጨረሻም ከእኛ የሚጠበቀውን በቅደም ተከተል ላቅርብ፡፡

ወፉ ማን ነው?

የግብፅ ጥንብ አንሳ ሰውነቱ ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ ፊቱ ላባ የሌለውና ቢጫ የሆነ አሞራ ነው፡፡ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ክንፉ ሲዘረጋ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል፡፡ ይህን የክንፍ ልክ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለን፡፡ ስሙን ያገኘው ከጥንታዊት ግብፅ ነው፡፡ በዚያ የሥዕል ጽሕፈት ውስጥ የመጀመሪያውን ድምፅ፣ እኛ በግእዝ «አልፍ» ከምንለው ፊደል ጋር የሚቀራረበውን፣ የሚወክለው የዚህ አሞራ ምስል ነው፡፡ ጄን ጉዶልና ሁጎ ቫን ላዊክ እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳሳወቁት ደግሞ ይህ ወፍ በመንቁሩ ድንጋይ አንስቶ የሰጎን እንቁላል ላይ በመወርወር ይሰብራል፡፡ መሣሪያ መጠቀም የሚችሉ ወፎች በጣት የሚቆጠሩ በመሆናቸው ነገሩ በጊዜው ብዙ አነጋግሯል፡፡

በዝግመተ ለውጥ ረገድም ታሪኩ ከመልኩ የራቀ ነው፡፡ ጥንብ አንሳዎችን ሁሉ ስናይ የአንድ ቤት ልጆች ይመስሉናል፡፡ እውነቱ ግን ሌላ ነው፡፡ የአሜሪካ አህጉር ጥንብ አንሳዎችና የእኛዎቹ የተለያየ የዘር ሐረግ ያላቸው ሲሆኑ፣ ያመሳሰላቸው ሙያቸው ነው፡፡ በድን ውስጥ አንገቱን ነክሮ የሚበላ ወፍ ጭንቅላቱ ላይ ላባ አለመኖሩ ይጠቅመዋል፤ ከፍ ብሎ ሳይደክም ለመንሳፈፍም ሰፊ ክንፍ ያስፈልገዋል፡፡ ተፈጥሮ ይህንን መፍትሔ ከአንድ ጊዜ በላይ ደጋግማ ደርሳበታለች ማለት ነው፡፡ የግብፅ ጥንብ አንሳ የቅርብ ዘመድም በየቄራው የምናየው ዓይነት አሞራ አይደለም፤ በሰሜን ተራሮቻችን አጥንት ከሰማይ ለቅቆ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው ባለ ጢሙ ጥንብ አንሳ ነው፡፡

የዚህ ወፍ ትልቁ ድክመት አወላለዱ ነው፡፡ ለመራባት የሚደርሰው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፡፡ ጥንዶቹ በዓመት የሚጥሉት ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ሲሆን፣ ለፍሬ የሚበቃው አንድ ወይም ቢበዛ ሁለት ጫጩት ነው፡፡ የተፈጥሮ ስሌቱ የተሠራው ረጅም ዕድሜ ኖሮ ቀስ እያለ ራሱን እንዲተካ ነው፡፡ ስለዚህ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ይልቅ የአዋቂዎቹ መሞት ነው ዘሩን የሚያጠፋው፡፡ ለአካለ መጠን የደረሰ አንድ አሞራ በየዓመቱ የሚመላለስበት መንገድ ላይ ቢሞት፣ ጉዳቱ አንድ ዶሮ በቀበሮ እንደመበላት የሚታይ አይደለም፡፡ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ወፉን ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ውስጥ ያስገባው በዚህ ምክንያት ነበር፡፡ በባልካን አገሮች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከ600 የማያንሱ ጥንዶች የነበሩት ዛሬ ወደ 50 ገደማ ወርደዋል፡፡

የተመራማሪው ሥራ

ስለ ጥንብ አንሳዎች ዛሬ ካለን እውቀት ቀላል የማይባለውን ያበረከቱት የሐሩር አካባቢ ሥነ ሕይወት ተመራማሪው ቱርካዊው ፕሮፌሰር ቻአን ሼከርጂኦሉ ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1975 ኢስታንቡል የተወለዱት ሼከርጂኦሉ በሃርቫርድ ተምረው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ2003 ከስታንፎርድ ያገኙ ሲሆን፣ ከ2010 ጀምሮ በአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፡፡ በአገራቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ካርስ በተባለችው ከተማ ኩዘይዶአ የተሰኘውን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር መሥርተዋል፡፡

ሥራቸው የጀመረው ከእኛ ርቆ ኮስታ ሪካ ውስጥ ነው፡፡ እዚያ ደን በእርሻ እየተቆራረጠ ትናንሽ ደሴት ሲሆን፣ ከዛፎቹ ሥር የሚኖሩት ነፍሳት በል ወፎች ቀድመው እንደሚጠፉ ታውቆ ነበር፡፡ ሰው ሁሉ «ምግብ አልቆባቸው ነው» ይል ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2002 ሼከርጂኦሉና ባልደረቦቻቸው ወፎቹ የሚበሉትን መርምረው ሲያዩት፣ የምግብ እጥረት ለመጥፋታቸው ምክንያት ሆኖ አልተገኘም፡፡ ይልቁንም ከአንዱ የደን ቁራጭ ወደ ሌላው በገላጣ መሬት ላይ ለመሻገር የማይደፍሩ በመሆናቸው ይመስላል የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ፡፡ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፡፡ አንድ ወፍ ለምን እንደጠፋ ሳያጣሩ መፍትሔ ማዘዝ ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2004 ከግሬችን ደይሊና ከፖል ኧርሊክ ጋር ያወጡት ጥናት ደግሞ ጥያቄውን ሌላ ቦታ ወሰደው፡፡ እስከዚያ ድረስ ይጠየቅ የነበረው «ስንት ዓይነት ወፍ ይጠፋል?» የሚል ነበር፡፡ እነርሱ የጠየቁት ግን «ወፉ ሲጠፋ የትኛው ሥራ ይቆማል?» ብለው ነው፡፡ ዘር የሚበትን፣ አበባ የሚያዳቅል፣ ተባይ የሚለቅም፣ በድን የሚያነሳ ወፍ አለ፡፡ በግምታቸው እ.ኤ.አ. እስከ 2100 ድረስ ከዓለም የወፍ ዝርያዎች ከ6 እስከ 14 በመቶው ጨርሰው ሲጠፉ፣ ከ7 እስከ 25 በመቶው ደግሞ በሕይወት ቢኖሩም ቁጥራቸው ከመመናመኑ የተነሳ ሥራቸውን መሥራት የማይችሉ ይሆናሉ፡፡ በሕግ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ መሥሪያ ቤቱ ስሙ በር ላይ እንደተጻፈ ነው፤ ውስጡ ግን ሠራተኛ የለም፡፡

ወደ ኢትዮጵያም መጥተዋል፡፡ ከተማሪያቸው ከኢቫን ቡክሊና ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በጥላ ሥር የሚበቅለውን ቡናችንን ከተፈጥሮ ደን ጋር አነጻጽረው ያጠኑት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል፡፡ በጥላ ቡናው ውስጥ የተመዘገበው የወፍ ዓይነት ብዛት ከደኑ ከእጥፍ በላይ ነበር፡፡ የጥልቅ ደን ወፎችን በተመለከተ ግን ደኑን የሚተካ እንዳልተገኘ ጥናቱ ሳይሸሽግ አስቀምጧል፡፡ የኢትዮጵያ የጥላ ቡና ምናልባት በዓለም ላይ ለወፍ ከሁሉ የተመቸ ቡና ሳይሆን አይቀርም የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ጥናት ነው፡፡

ከዚያ ቀጥለው ሁለቱ ወደ ጥንብ አንሳዎች ዞሩ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሰፊ ዳሰሳ ወፎችን በሚሠሩት ሥራ ከፋፍለው ሲመዝኑ፣ ከሁሉ በላይ ለመጥፋት የተጋለጠው በድን የሚያነሳው ወገን ሆኖ አገኙት፡፡ ዋናው ገዳይም መርዝ ነው፡፡

ከአራስ ወንዝ ወደ አዋሽ ወንዝ

በምሥራቅ ቱርክ፣ ከአርመንያ ድንበር አጠገብ አራስ የሚባል ወንዝ ይፈሳል፡፡ ሼከርጂኦሉና ማኅበራቸው በዚያ ሸለቆ ወፎችን እየያዙ ቀለበት በማሰር ለዓመታት ሠርተዋል፡፡ በአካባቢው የሚራቡት የግብፅ ጥንብ አንሳዎች በመከር ወራት ወዴት እንደሚሄዱ ለማወቅ ደግሞ በጀርባቸው ላይ በሳተላይት የሚከታተል ትንሽ መሣሪያ ጫኑላቸው፡፡ መሣሪያው ከፀሐይ ኃይል እየተሞላ ወፉ ያለበትን ቦታ በየጊዜው ይልካል፡፡

አሞራ ክንፉን እያርገበገበ ረጅም መንገድ አይሄድም፡፡ ከሞቀ መሬት የሚነሳ አየር ወደ ላይ ሲያወጣው ከዚያ ቁልቁል እየተንሳፈፈ ይጓዛል፡፡ ይህ አየር በባሕር ላይ ስለማይገኝ አሞራዎች ቀይ ባሕርን በሰፊው ቦታ አይሻገሩም፤ ወይ በሰሜን በስዊዝ በኩል ይዞራሉ፣ ወይም በደቡብ የመንና ጂቡቲ በሚቀራረቡበት በባብ ኤል ማንደብ ጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ፡፡ ቡክሊ፣ ሼከርጂኦሉና የሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት 45 አሞራዎች በሦስት አህጉሮች ላይ ያደረጓቸውን 75 ጉዞዎች ተከታትለው እነዚህን ጠባብ በሮች በካርታ ላይ አስቀምጠዋል፡፡ በባብ ኤል ማንደብ የተሻገረ አሞራ በፊቱ የሚያገኘው የአፋርን ሜዳ ነው፡፡

በአፋር ውስጥ ስንት ይሆናሉ? የቡልጋሪያ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያዊ ባልደረባቸው ጋር ባደረጉት ቆጠራና እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በበጋ ወራት በአፋር የሚሰበሰቡት የግብፅ ጥንብ አንሳዎች ከአንድ ሺህ በላይ መሆናቸውን አሳውቀዋል፡፡ ባልካን ላይ 50 ጥንድ ብቻ ለቀረው ወፍ ይህ ምን ያህል ከባድ ቁጥር እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ፡፡ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሚደርስ ጥፋት የብዙ አገሮችን ዘር በአንድ ጊዜ ይነካል ማለት ነው፡፡

በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ ምክንያቱን በዓይኑ ያያል፡፡ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፡፡ ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ገዋኔን፣ ሚሌንና ሎግያን አልፈን ከአሳይታ ቀጥላ የክልሉ ርዕሰ ከተማ የሆነችው ሰመራ እንደርሳለን፡፡ አዋሽ ወንዝም ይህንኑ አቅጣጫ ይዞ ወርዶ፣ ባሕር ሳያይ በጂቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል፡፡ መንገዱ የወደብ መንገድ ነው፤ የጭነት መኪናው ቀንና ሌሊት አይቋረጥም፡፡ መኪና የገጨው ግመልና ፍየል፣ በድርቅ የወደቀ ከብት፣ የከተማ ቆሻሻ መጣያና የዕርድ ተረፈ ምርት ሁሉ የአሞራው ገበታ ነው፡፡ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ደግሞ ለማደሪያ የሚሆን ከፍ ያለ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የመብራት ምሰሶ፡፡

የምሰሶው ነገር

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መስመር መለየት ያስፈልጋል፡፡ በትልልቅ የብረት ማማ ላይ የሚሄደው ከፍተኛ መስመር በሽቦውና በብረቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ በመሆኑ፣ ለሚያርፍ ወፍ ያን ያህል አያሰጋም፡፡ አሞራዎች በመቶዎች ሆነው እንዲህ ባለው ማማ ላይ በደህና ሊያድሩ ይችላሉ፡፡ ገዳዩ ወደ ከተማና ወደ ቀበሌ የሚገባው መካከለኛ መስመር፣ ማለትም የ15 እና የ33 ኪሎ ቮልቱ ነው፡፡

ወፍ በአንድ ሽቦ ላይ ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፤ ኃይሉ በእርሱ በኩል የሚወጣበት መንገድ የለምና፡፡ አደጋው የሚመጣው ሁለት ሽቦ በአንድ ጊዜ ሲነካ፣ ወይም እግሩ በምሰሶው አግዳሚ ብረት ላይ ሳለ ክንፉ ሽቦውን ሲነካ ነው፡፡ አግዳሚው ብረት ሆኖ የመብራት ሠራተኞች «ስኒ» የሚሉት ኢንሱሌተር ከላዩ ቀጥ ብሎ ሲተከል፣ በሽቦውና በብረቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ጥቂት ነው፡፡ ድንቢጥ ብትቀመጥበት አይነካትም፡፡ ክንፉ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ አሞራ ግን ለመነሳት ክንፉን ሲዘረጋ ያበቃለታል፡፡ ትራንስፎርመር የተሰቀለበት ምሰሶ ደግሞ ገላጣ ሽቦው ስለሚበዛ የባሰ ነው፡፡

ይህ ግምት እንዳልሆነ ጎረቤታችን ሱዳን ምስክር ናት፡፡ ከፖርት ሱዳን አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተዘረጋ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መስመር ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ተመራማሪ በምሰሶዎቹ ሥር የሞቱ የግብፅ ጥንብ አንሳዎችን በብዛት አግኝቶ ጻፈ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 ሌሎች ሄደው ሲያዩ ግድያው እንደቀጠለ ነበር፡፡ ያ አጭር መስመር በነዚያ አሠርት ዓመታት ውስጥ የጨረሰው አሞራ ቢያንስ በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች እንደሚቆጠር ይገመታል፡፡ መስመሩ አገልግሎት መስጠት ያቆመውና አሞራን በማይጎዳ መስመር የተተካው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፡፡ የሩቅ አገር ሰዎች የወፎቻቸውን ቁጥር ማነስ ጎጆው አካባቢ ሲፈልጉ፣ ምክንያቱ ከፊሉ እዚህ እኛ ሰፈር ቆሞ ነበር፡፡

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም፡፡ ስኒው ከአግዳሚው በላይ ከሚተከል ከሥሩ ቢንጠለጠል ወፉ የሚቆመው ከሽቦው ርቆ ይሆናል፡፡ አግዳሚው ኤሌክትሪክ ከማያሳልፍ ነገር ቢሠራም ይረዳል፡፡ የተተከለውን ለመንቀል ካልተቻለ፣ ወደ ስኒው የሚጠጋውን ሽቦ በፕላስቲክ ሽፋን መሸፈን ይቻላል፡፡ ዋናው ነገር ጊዜው ነው፡፡ ምሰሶው ሳይተከል በሥዕሉ ላይ ቢታረም ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ከተተከለ በኋላ ለማስተካከል ግን ሠራተኛ፣ መኪናና የኃይል መቋረጥ ይጠይቃል፡፡ በዚያ ላይ አሞራ ሲቃጠል መስመሩም ይጠፋል፡፡ ሰመራ ላይ በበጋው ሙቀት ማቀዝቀዣው የቆመበት የመድኃኒት መጋዘን የአሞራው ጉዳይ የእርሱም ጉዳይ ነው፡፡

መርዝና መድኃኒት

ሁለተኛው አደጋ በበድኑ ውስጥ ያለው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአፍሪካ አቀፍ ጥናት ከስምንት ዓይነት የአህጉሪቱ ጥንብ አንሳዎች ሰባቱ በሦስት ትውልድ ጊዜ ውስጥ 80 በመቶና ከዚያ በላይ እንደቀነሱ፣ ከተመዘገበው ሞት ውስጥም 61 በመቶው በመርዝ፣ 9 በመቶው በኤሌክትሪክ መስመር የመጣ እንደሆነ አሳይቷል፡፡ ጅብ ወይም የባዘነ ውሻ ለመግደል በድን ላይ የሚነሰነስ መርዝ ዒላማውን አይመርጥም፡፡ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ቦትስዋና ውስጥ አዳኞች በመረዟቸው ሦስት የዝሆን በድኖች ብቻ 537 ጥንብ አንሳዎች አልቀዋል፡፡

የሕንድ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ከሁሉም ይቀርባል፤ እነርሱም እንደ እኛ ከብት የሚያረቡ ሕዝቦች ናቸውና፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዳይክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ለከብት በርካሽ ይሰጥ ጀመር፡፡ መድኃኒቱን ወስዶ የሞተን ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ በቀናት ውስጥ ይሞታል፡፡ ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 እስኪታወቅ ድረስ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩት የሕንድ ጥንብ አንሳዎች አልቀው ነበር፤ በተለይ አንዱ ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ 99.9 በመቶው ጠፍቷል፡፡ አሞራው ሲጠፋ በድኑ ሜዳ ላይ ተረፈ፤ ውሻ ተራባ፤ ውኃ ተበከለ፡፡ ሁለት የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ 500,000 የሚጠጋ ተጨማሪ የሰው ሕይወት እንደጠፋ ገምተዋል፡፡ ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይውል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፡፡ ሜሎክሲካም የተባለው ሌላ መድኃኒት ከብቱንም ያድናል፣ አሞራውንም አይገድልም፡፡

የእኛም ነገር ከወዲሁ ምልክት ያሳየ ነው፡፡ ቡክሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በአገራችን ቄራዎች ባደረጉት ክትትል፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ጥንብ አንሳው ሲቀንስ የባዘነው ውሻ ግን ሲበዛ ታይቷል፡፡ ውሻ ሥጋውን ይበላል፤ ነገር ግን ከሥጋው ጋር የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ሰፈር ይዞ ይመለሳል፡፡ ብርቱ የሆድ አሲድ ይዞ የተፈጠረውና ብዙውን የበሽታ ተሕዋስ እዚያው የሚያስቀረው አሞራው ነው፡፡ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የጽዳት ሠራተኛን አሰናብተን፣ በምትኩ የሚናከስ ቀጥረናል ማለት ነው፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፡፡ ወፍን ለመጠበቅ ሲታሰብ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ፓርክ ነው፡፡ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ የተከለለ፣ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋና ከ450 በላይ የወፍ ዓይነቶች የተመዘገቡበት የአገር ኩራት ነው፡፡ በገዋኔና በሚሌ መካከል ደግሞ የያንጉዲ ራሳ ፓርክ አለ፡፡ የግብፅ ጥንብ አንሳ ግን ድንበር አንብቦ አያርፍም፡፡ እርሱ የሚውለው በሎግያ ቆሻሻ መጣያ፣ የሚያድረው በሰመራ ዙሪያ ምሰሶ ላይ ነው፡፡ ቡክሊና ባልደረቦቻቸው የአፍሪካ ቀንድን ጥንብ አንሳዎች ተከታትለው እንደደረሱበትም፣ ለእነርሱ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡት ቦታዎች በአመዛኙ ከጥብቅ ክልሎች ውጪ ናቸው፡፡ ስለዚህ የዚህ ወፍ ዕጣ በፓርክ ጠባቂ እጅ አይደለም፡፡ በመብራት መሐንዲሱ፣ በእንስሳት ሐኪሙና በማዘጋጃ ቤቱ እጅ ነው፡፡

የሕግ ክፍተት አለ ወይ? ብዙም አይደለም፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ማንኛውም የኢኮኖሚ ልማት እርምጃ የአካባቢውን ደህንነት የማያናጋ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፡፡ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሰው ሁሉ ይሰጣል፡፡ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖው መገምገም እንዳለበት በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 299 በሕጋችን ገብቷል፡፡ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541ም በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል፡፡ በዚህ ላይ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የተሰዳጅ የዱር እንስሳት ስምምነት አባል ናት፡፡ የግብፅ ጥንብ አንሳ ደግሞ ከፍተኛ ጥበቃ በሚጠይቀው በስምምነቱ አንደኛ አባሪ ውስጥ የተመዘገበ ነው፡፡ የስምምነቱ አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ኤሌክትሪክ መስመርና ተሰዳጅ ወፎች ውሳኔ አሳልፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ለጥንብ አንሳዎች የጋራ የድርጊት መርሐ ግብር አጽድቀዋል፡፡ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ያጸደቅናቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው፡፡

እንግዲህ የጎደለው ድንጋጌ አይደለም፤ ድንጋጌውን ከምሰሶው ሥዕል ጋር የሚያገናኘው ሰው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞው የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ከፍተኛው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ወደ ደንበኛ የሚደርሰው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊነት ሆኗል፡፡ የዱር እንስሳቱ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ የእንስሳት መድኃኒቱ በሌላ፣ ቆሻሻ መጣያው በከተማው፣ መሬቱ በክልሉ ሥር ነው፡፡ አሞራው በአንድ ቀን በረራ የሁሉንም ደጃፍ ይጎበኛል፡፡ እነርሱ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፡፡

ሙከራ የለም ማለቴ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2022 በ14 አገሮች በተካሄደውና የቡልጋሪያ አእዋፍ ጥበቃ ማኅበር በመራው ፕሮጀክት የእኛው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተሳትፏል፡፡ ፕሮጀክት ግን ዕድሜ አለው፤ ምሰሶው ከፕሮጀክቱ በላይ ይኖራል፡፡

«መብራት ያላየ ሕዝብ ባለበት ስለ አሞራ?»

ይህ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው፡፡ ድርቅና ጎርፍ በሚፈራረቁበት፣ ብዙ ቀበሌዎች ገና በጨለማ ባሉበት ክልል ውስጥ መስመር ይዘግይ የሚል ሰው ቢመጣ እኔም አልደግፈውም፡፡ ነገር ግን እዚህ የቀረበው ጥያቄ መስመሩ አይዘርጋ የሚል አይደለም፡፡ እንዲያውም በአፋር ገና የሚዘረጋው መስመር ብዙ መሆኑ ዕድል ነው፤ ያልተተከለ ምሰሶ በእርሳስ ይታረማልና፡፡ ደግሞም ድርቅ ሲመጣ አርብቶ አደሩ ከብቱን በአንድ ሳምንት ሲያጣ በድኑን ከውኃው ዳር የሚያነሳለት ማን ነው? ማዘጋጃ ቤት በሌለበት ሜዳ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ አሞራው ነው፡፡

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፡፡ አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በአዋሽ ሸለቆ ለሚተክላቸው የመካከለኛ መስመር ምሰሶዎች ለወፍ አደገኛ ያልሆነውን ቅርፅ በግዥ ሰነዱ ላይ ግዴታ ያድርገው፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማውን የሚያጸድቀው አካልም ይህን ሳያይ አይፈርም፡፡ ሁለተኛ፣ የእንስሳት መድኃኒት ተቆጣጣሪው ዳይክሎፌናክ ወደ ከብት እንዳይዞር ሕንድ ከደረሰባት በፊት ይዝጋው፤ ከተሞችም ውሻን በመርዝ ከመግደል ይልቅ በክትባትና በቄራ አያያዝ ይሥሩ፡፡ ሦስተኛ፣ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ደጃፉ ላይ ያለውን ይህን ጉዳይ የራሱ ያድርገው፡፡ በየዓመቱ በበጋ ተማሪዎች አሞራውን ቢቆጥሩ፣ በምሰሶ ሥር የወደቀውንም ቢመዘግቡ፣ የትኛው ምሰሶ ቀድሞ መሸፈን እንዳለበት ለመብራት ሰዎች በቁጥር መንገር ይቻላል፡፡

አሞራዎቹ ከመስከረም ጀምሮ ይገባሉ፤ እስከ መጋቢት ድረስም ይቆያሉ፡፡ ቀጣዩ የአፋር መስመር ጨረታ ከመውጣቱ በፊት አንድ መሐንዲስ የምሰሶውን ሥዕል አውጥቶ ስኒው ከአግዳሚው በላይ ነው ወይስ ከታች ብሎ ቢያይ፣ ለዘንድሮው ይበቃናል፡፡